ከወሊድ በኋላ ክብደት መቀነስ

ከወሊድ በኋላ ክብደት መቀነስ በእርግዝና ወራት የተጨመረው ኪሎ ከወሊድ ዕለት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወርድበት ሂደት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። ተመጣጣኝ ክብደት ኖሯት ያረገዘች ሴት በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ተገቢ ነው። ቀጭን የነበረች እስከ 18 ኪሎ ልትጨምር ትችላለች፤ ቀድሞውንም ከመጠን በላይ ወፍራም ለነበረች ግን ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃታል። ልጇ ዓመት ሞልቶት ሳለ ከእርግዝና በፊት ከነበራት ክብደት በ5 ኪሎና ከዚያ በላይ የምትበልጥ እናት፣ ያልወረደላት ኪሎ ለጤናዋ የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል።

ከተጨመረው ውስጥ ብዙው ያለ ምንም ጥረት ይወርዳል። ሕፃኑ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የእንግዴ ልጁ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ የሽርት ውኃው አንድ ሊትር ያህል ነው። የሚፈሰው ደም ሲታከልበት ወላዷ በዚያው ዕለት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ትቀላለች። በቀጣዮቹ ቀናት ሰውነቷ አጠራቅሞት የነበረው ውኃ በላብና በሽንት ይወጣል፤ አራስ ሌሊት ልብሷ እስኪርስ የሚያልባት፣ የእግሯም እብጠት የሚጎድለው ለዚህ ነው። በወሊድ ሰዓት 1 ኪሎ የሚመዝነው ማሕፀን በ6 ሳምንት ውስጥ ተሰብስቦ ከ100 ግራም በታች ይሆናል። ስለዚህ በአራስነት ሳምንታት ጎልቶ የሚታይ ሆድ ሁሉ ቦርጭ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ሰውነት ለጡት ወተት ስንቅ እንዲሆን በዳሌ፣ በጭንና በሆድ ዙሪያ ያስቀመጠው ስብ ነው፤ ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ሀና ማርያም እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች የአራስ ቤት ወግ አልተለያትም። እርጉዟ በሰላም ስትገላገል እናቷ ወይም አክስቷ፣ አንዳንዴም ከክፍለ ሀገር ድረስ፣ መጥታ ትንከባከባታለች። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የተሞላ የገብስ ገንፎ ይቀርባል፤ ቁርስ ላይ አጥሚት፣ ምሳ ላይ ሾርባ ወይም ዶሮ፣ በመሃል ተልባና አብሽ ይከታተላል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስኪነሱ ድረስ እናት ከቤት አትርቅም። ብርድ እንዳይመታት፣ ምች እንዳያገኛት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ትጠበቃለች።

ይህ ወግ የክብደት ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ደም የፈሰሳት፣ ቁስሏ ያልጠገገ፣ ሌሊቱን ስታጠባ የምታድር ሴት መብላትና ማረፍ አለባት። ወግም ሆነ ሕክምና በዚህ ይስማማሉ። ችግሩ የሚመጣው አራስነቱ አልቆ የአራስ ምግቡ ሲቀጥል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ጡት የምታጠባ እናት በቀን ተጨማሪ የሚያስፈልጋት 500 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህ አራት ማንኪያ ቅቤ ማለት ነው። ከአንድ የገንፎ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ቅቤ ብቻውን ይህን ሊሸፍን ይችላል። ከ80ኛው ቀን በኋላም ገንፎውና አጥሚቱ ከወትሮው ማዕድ ላይ እየተጨመሩ ከቀጠሉ፣ ሰውነት ስንቁን የሚያወጣበት ምክንያት ያጣል።

የሰፈሩ አስተያየትም የራሱ ጫና አለው። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ፋፍተሻል፣ አምሮብሻል» ተብላ የተመሰገነች ሴት፣ መንፈቅ ሳይሞላ «ሆድሽ አልገባም እንዴ?» ትባላለች። ሁለቱም ከፍቅር ሊነገሩ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን ብዙዎችን ወደ ችኩል መፍትሔ ይገፋል። በዚያው ወቅት እንክብካቤ ስትሰጣት የነበረችው እናቷ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ ባል ሥራ ይውላል፤ በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ያለችው ሴት ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይርበዋል፤ ቶሎ የሚደርስለትም ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው።

ጡት ማጥባት ለክብደት መቀነስ ይረዳል፣ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እናት በቀን ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ወተት ትሰጣለች፤ ለዚህ የሚወጣው ጉልበት ከፊሉ ከምግብ፣ ከፊሉ ከተጠራቀመው ስብ ይመጣል። ይሁንና ማጥባት ረሃብንም ይጨምራል፤ አንዷ እያጠባች ስትከሳ ሌላዋ እያጠባች የምትወፍረው ለዚህ ነው። ጤና ሚኒስቴር ሕፃናት እስከ 6 ወራቸው የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጣቸው ይመክራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ይህን ያገኙት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶ ነበሩ።

ጤናማው ፍጥነት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ጅማሬውም ከ6ኛው ሳምንት በኋላ፣ ወተቱ ሲረጋና ቁስሉ ሲድን ቢሆን ይመረጣል። በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ አጥቢ እናቶች ምግባቸውን መጥነው፣ እንቅስቃሴ ጨምረው ለ10 ሳምንት በዚህ ፍጥነት ሲቀንሱ የልጆቻቸው እድገት እንዳልተጎዳ አሳይቷል። በዚህ ስሌት 10 ኪሎ ለማውረድ 5 ወር ገደማ ያስፈልጋል። ለምታጠባ እናት በቀን ከ1,800 ካሎሪ በታች መውረድ አይመከርም። ቁርስን መዝለል፣ እህል ጨርሶ ማቆም፣ የማቅጠኛ ክኒን መዋጥ ለእሷም ለልጇም አደጋ አላቸው። «የማቅጠኛ ሻይ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚጎድለው ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ በሙቅ ውኃም ስብ አያቀልጥም።

ከማዕድ ላይ ምን ይቀነስ ለሚለው መልሱ ብዙ ጊዜ እንጀራው አይደለም። በቀን 6 ሲኒ ቡናና ሻይ፣ በሲኒ 3 ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ሴት ከስኳር ብቻ 300 ካሎሪ ያህል ታገኛለች። ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ሳምቡሳ ከዚያ ይከተላሉ። ወጥ ሲሠራ በግምት የሚንቆረቆረው ዘይት በማንኪያ ቢለካ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ እርጎና አይብ ግን መቀነስ የለባቸውም፤ ለወተቱም ለደሟም የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

ጾምን እንደ ማቅጠኛ መጠቀም ሌላው ስሕተት ነው። አራስ ከጾም ነፃ ናት፤ የምታጠባ እናትም እንደ አቅሟ ከንስሐ አባቷ ጋር ትመክራለች። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ የረመዳንን ጾም ማቆየት ትችላለች። የጾም ምግብ ከሥጋና ከወተት ነፃ ስለሆነ ብቻ ካሎሪው ዝቅተኛ አይሆንም፤ በዘይት የራሰ ፓስታና ሩዝ ከአልጫ ሥጋ ሊበልጥ ይችላል። በረጅም አጽዋማት የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ለእናትም ለጠቢው ሕፃንም ስለሚያሰጋ፣ ጾመኛ አጥቢ ከጤና ባለሙያ ጋር ብትነጋገር መልካም ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያም በዚህ ርዕስ ሳይነሣ አይቀርም። በኢትዮጵያ ከሁሉ የበለጠ የተለመደው በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌ ሲሆን፣ «መርፌው አወፈረኝ» የሚለው አቤቱታ በየጤና ጣቢያው ይሰማል። አቤቱታው መሠረት አለው፤ መርፌው በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። ነገር ግን መፍትሔው ያለ ምክር ማቋረጥ አይደለም። ሌላ ዘዴ መቀየር ይቻላል፤ ሰውነት እስኪያገግም በወሊድና በቀጣዩ እርግዝና መካከል ቢያንስ 24 ወር ማስቆጠር ደግሞ ለክብደትም ለሕይወትም ይጠቅማል። የፊተኛው እርግዝና ኪሎ ሳይወርድ ሌላ ሲደረብበት በቀጣዩ የእርግዝና ስኳር፣ የደም ግፊትና የቀዶ ሕክምና ወሊድ ዕድል ከፍ ይላል።

እንቅስቃሴ በእግር መራመድ ይጀምራል። በምጥ የወለደች ጤነኛ ሴት አቅሟ እንደፈቀደ በቀናት ውስጥ ቀስ ብላ መራመድ ትችላለች፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ከበድ ላለው እንቅስቃሴ ቁስሏ እስኪታይላት ትጠብቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለዚህ ጂም የግድ አይደለም፤ ሕፃኑን በአንቀልባ አዝሎ ከሀና ማርያም የውስጥ ለውስጥ መንገዶች እስከ ዋናው አስፋልት መሄድና መመለስ፣ ጠዋት ኪዳን ለማስደረስ በእግር መውጣት ሁሉ ይቆጠራል። ሆድን ቶሎ ለማስገባት ተጋድሞ መነሳት ግን መቅደም የለበትም። በእርግዝና የተለያዩት የሆድ ጡንቻዎች ሳይገጥሙ ጫና ሲበዛባቸው ክፍተቱ ሊባባስ ይችላል። መጀመሪያ መጠንከር ያለባቸው ፊኛንና ማሕፀንን ከታች የሚደግፉት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነሱን ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ አጥብቆ መልቀቅ ያጠነክራቸዋል። ስታስነጥስ ወይም ስትሮጥ ሽንት የሚያመልጣት ሴት የምታፍርበት ሳይሆን የምትታከምበት ጉዳይ ነው። በመቀነት ወይም በቀበቶ ሆድን ማሰር ወገብን ሊያሳርፍ ይችላል፤ ስብ ግን አያጠፋም።

ኢትዮጵያውያን ሯጮች ከወሊድ በኋላ ሰውነት እስከ ምን ድረስ ሊመለስ እንደሚችል ለዓለም አሳይተዋል። ደራርቱ ቱሉ ከወለደች በኋላ ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች፤ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች፤ በመስከረም 2010 ዓ.ም. የቺካጎን ማራቶን አሸነፈች። በደቡብ አዲስ አበባ ብዙ እናቶች የሚገላገሉበት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከእሷና በ2000 ዓ.ም. ሁለት ወርቅ ካጠለቀችበት ከተማ ነው። ይሁንና የእነዚህ አትሌቶች ሰውነት ከልጅነት በሥልጠና የተገነባ ነው፤ አሠልጣኝና ሐኪምም አብረዋቸው ነበሩ። ለሌሎች እናቶች አርአያነታቸው በትዕግሥታቸው እንጂ በፍጥነታቸው መለካት የለበትም፤ ጥሩነሽ እንኳ ከወሊድ እስከ ሪዮ ከ16 ወር በላይ ወስዶባታል።

የተገላቢጦሹ ችግር በአገር አቀፍ ደረጃ የበለጠ የተስፋፋ ነው። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍራም ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ግን የወፍራሞቹ ድርሻ ከአገር አቀፉ አማካይ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ መክሳት ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ሳትሞክር በፍጥነት የምትከሳ፣ ልቧ የሚመታ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት የማይስማማት እናት የታይሮይድ ዕጢዋ መመርመር አለበት፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይህ ዕጢ ሊቆጣ ይችላል። ሳልና የሌሊት ላብ ካለ የሳንባ ነቀርሳ፣ ውኃ ጥምና ሽንት መብዛት ካለ የስኳር በሽታ ይጠረጠራል። ምግብ ያስጠላት፣ የምታለቅስ፣ ለልጇም ለራሷም ደስታ ያጣች ሴት ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይዟት ሊሆን ይችላል፤ «ከስታ አማረባት» እየተባለ መታለፍ የለባትም።

ሕጉም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ቀድሞ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ነበር። ጭማሪው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ጡት ብቻ የሚመከርበት ጊዜ ገና እኩሌታው ላይ ሳለ እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ቁርሷን ሳትበላ፣ ምሳዋን ከቢሮ ደጃፍ እየገዛች የምትውል ሴት ክብደቷን በሥርዓት ለማውረድ ጊዜውም ምርጫውም ያጥራታል። ቀጣሪዎች የማጥቢያ ቦታና ሰዓት ቢያመቻቹ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሕፃኑ በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ እሱ ይመዘናል። እናትም በዚያው ቀን ክብደቷ፣ የደም ግፊቷና የደም ማነሷ እንዲታይላት ትጠይቅ፤ በየወሩም ኪሎዋን በልጇ የክትባት ካርድ ጠርዝ ላይ ታስጽፍ።