ካርታ ያልነበራቸው ሰፈሮችና የሩቅ ረጂዎቻቸው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 አመሻሽ ላይ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የሄይቲን ዋና ከተማ ፖርቶፕሪንስን አወደመ። ከየሀገሩ የደረሱት ሐኪሞችና የነፍስ አድን ሠራተኞች መድኃኒትም መሣሪያም ይዘው ነበር፤ የከተማዋን የተሟላ ካርታ ግን አልያዙም። በየኮረብታው ተደራርበው የተሠሩት የድሆች ሰፈሮች በአብዛኛው በዝርዝር ተመዝግበው አያውቁም ነበር። ስለዚህም ቁስለኞች የሚገኙበትን ቦታና ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ማወቅ ራሱን የቻለ ችግር ሆነ።

ክፍተቱን ለመሙላት የተነሱት በቦታው ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በ2004 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው ሊያርመውና በነጻ ሊጠቀምበት የሚችል የዓለም ካርታ ነው። ከአደጋው በኋላ የሳተላይት ኩባንያዎች ምስሎቻቸውን በነጻ በመልቀቃቸው፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው መንገዱን፣ ሕንፃውንና የተፈናቃዮችን ድንኳን በምስሉ ላይ እየተከተሉ ሣሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሥራቸው በረድኤት ሠራተኞች እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ ሳተላይት ጣራን እንጂ ስምን አያሳይም። በዚያው ወቅት ተጎጂዎች ወደ 4636 በነጻ ይልኳቸው የነበሩትን የክሪዮል መልእክቶች የተረጎሙትና ሰፈሮቹን በካርታ ላይ ያመለከቱት በውጭ አገር የሚኖሩ የሄይቲ ተወላጆች ነበሩ።

የስም ጉዳይ ለሕክምና ያለው ክብደት በኦክቶበር 2010 ኮሌራ ሲገባ ጎልቶ ታየ። ታማሚው የመጣበትን መንደር ስም ይናገራል፤ መንደሩ ግን በካርታ ላይ ካልሰፈረ በሽታው ከየት እንደሚነሳ መለየት ያስቸግራል። ጆን ስኖው በ1854 የለንደንን የኮሌራ ሟቾች ቤት ለቤት በካርታ ላይ አስፍሮ የብሮድ ጎዳናን የውኃ ፓምፕ ለመጠርጠር የሚያበቃ ማስረጃ አቅርቧል። ይህን ማድረግ የቻለው ግን የለንደን ጎዳናዎች አስቀድመው ካርታ ስለነበራቸው ጭምር ነው።

በማርች 2014 ኢቦላ በጊኒ መከሰቱ ሲታወቅ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የጌኬዱን ካርታ እንዲሠሩለት በጎ ፈቃደኞችን ጠየቀ፤ እነርሱም በቀናት ውስጥ አደረሱለት። ከታማሚዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የሚፈልጉ ሠራተኞች ከዚህ በኋላ የሚመሩበት ነገር አገኙ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ይኸው ቡድን፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበራት እንዲሁም የበጎ ፈቃደኞቹ ድርጅት «ሚሲንግ ማፕስ» የተባለውን ሥራ በጋራ ጀመሩ። ዓላማው አደጋ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካርታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የሩቁ ሰው መንገዱንና ቤቱን ከምስል ላይ ይስላል፤ ሌላው ያርመዋል፤ የአካባቢው ነዋሪ ደግሞ የመንደሩን፣ የጤና ጣቢያውንና የውኃ ነጥቡን ስም ይጨምራል።

አሠራሩ ወሰን አለው። በ2013 ፊሊፒንስን ከመታው የሃያን አውሎ ነፋስ በኋላ የተደረገው ግምገማ እንዳሳየው፣ የሕንፃን ጉዳት ከሰማይ ምስል ብቻ መገመት ብዙ ስሕተት ያስከትላል። ቦታው ላይ ያለውን ሰው የሚተካ የለም።

በታማሚው ካርድ ላይ «አድራሻ» ከሚለው ቃል ትይዩ የሚጻፈው የመንደር ስም በሥራ ጥድፊያ በቸልታ ሊታለፍ ይችላል። የሄይቲና የጌኬዱ ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን፣ ያ ስም በትክክል ሲጻፍና በካርታ ላይ ቦታ ሲያገኝ ወረርሽኙ ከየት እንደተነሳ ሊያመለክት ይችላል።