የምናዘው ምግብና የከተማችን ታሪክ

«ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ለተማሪ ኪስ መቼም ቀላል ሆኖ አያውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉዳዩ የኪስ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ፒያሳ ከአንድ ምግብ ቤት ገብተን ፓስታ ስናዝ አንዱ ጓደኛችን «እኔ ይቅርብኝ፤ ቅድመ አያቴን የገደለ ፋሺስት ያመጣውን አልበላም» አለ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ክርክሩ እስከ ማደሪያችን ተከተለን፤ ይህችም ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ናት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም ነበር። ከፍሎ መብላትን ያስለመደን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ምግብ በየራሱ በር ገባ።

ክትፎ የገባው በላብ ነው። በጉራጌ አገር ክትፎ ዓመት የሚጠበቅ የመስቀል ድግስ ነው። የመሬት ጥበትና የግብር ጫና ወደ ከተማ የገፋቸው ሰዎች ሸክም ተሸክመው፣ ጫማ ጠርገው፣ በዕቁብ ተደጋግፈው ክትፎ ቤት ከፈቱልን። ታዲያ እዚያ ስትገቡ ቆጮ፣ አይብና ጎመኑ አይቅርባችሁ። ጥሬ ያልለመደ ለብለብ ይዘዝ። ኪስ ከሳሳም አንዱን ለሁለት መብላት ነውር የለውም።

የአርመን ማዕድ የገባው በስደት ነው። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ከዘር ፍጅት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን ኢየሩሳሌም አግኝተው ለሙዚቃ ጓድ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ከአርመን ምግብ ዶልማ እዘዙ፤ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ ነው።

የየመኖች ምግብ መጀመሪያ በንግድ፣ ኋላም በጦርነት መጣ። የድሮዎቹ ባለሱቆች ነበሩ፤ ከ2007 ዓ.ም ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ግን ከጦርነት የሸሹ ናቸው። እነሱ ዘንድ መንዲ እዘዙ፤ ሩዙ የሥጋውን መዓዛ ጠጥቶ ይቀርባል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሳህኑ ለብዙ ሰው ነው።

ፓስታስ? እዚህ ላይ ጓደኛችን እውነት አለው። በ1928 ዓ.ም ከተማችንን የያዘው ጦር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ጀምሮ ሦስት ቀን ሕዝብ ፈጅቷል። ይህ በስጎ አይሸፈንም። ነገር ግን ወራሪው በ1933 ዓ.ም ሲባረር ድስቱ ቀረ። እናቶቻችን ስጎው ላይ በርበሬ ጨመሩበት፤ ረቡዕና ዓርብ በአትክልት ሠርተው የጾም ምግብ አደረጉት። ዛሬ ፓስታ በእንጀራ የሚጠቀልል ሕዝብ ያን ምግብ ማርኮታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኛ የምንለው፦ ብሉ፣ ግን ምግቡ በየትኛው በር እንደገባ እያወቃችሁ ብሉ። ጓደኛችን አሁንም ሽሮ ነው የሚያዘው። እኛም ከእንግዲህ አንስቅበትም።