አጋዥ ቴክኖሎጂን የመንደፍና ለገበያ የማቅረብ ሥልጠና

አጋዥ ቴክኖሎጂን የመንደፍና ለገበያ የማቅረብ ሥልጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን የሚያገለግሉ መሣሪያዎችንና ሶፍትዌሮችን ከተጠቃሚዎቹ ጋር ሆነው እንዲነድፉ፣ እንዲፈትሹና በዘላቂነት እንዲያቀርቡ የሚያዘጋጅ የትምህርት ዘርፍ ነው። አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚባሉት ክራንች፣ ነጭ በትር፣ ተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር)፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የብሬል ዕቃዎች፣ ስክሪን አንባቢ ሶፍትዌርና የመሳሰሉት ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል መሣሪያውን የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በሀብታም አገሮች ቁጥሩ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

ሕጋዊ መሠረት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 4 አባል አገሮች ለአካል ጉዳተኞች ተስማሚ የሆኑ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችን እንዲመራመሩና እንዲያስፋፉ፣ ዋጋቸው ለተመጣጠኑትም ቅድሚያ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በበኩሉ አሠሪዎች ለሥራው ተስማሚ ሁኔታ እንዲያመቻቹ ያዛል።

ሥልጠናው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች

አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በባዮሜዲካል ምህንድስና ያስተምራሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር በአካል ጉዳተኝነትና በተሐድሶ አገልግሎት ላይ ያተኮረ ፕሮግራም አካሂዷል። ለጀማሪ ፈጣሪዎች መሰባሰቢያ ከሆኑት ማዕከላት አንዱ አይስአዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ ጋር ተያይዞ ነው።

የምህንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የተግባር ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) ያደርጋሉ፤ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ በቡድን የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። ለአጋዥ ቴክኖሎጂ ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለፈተና የቀረበ ናሙና ቡድኑ ሲበተን አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ዊልቸር የተሰጠው ሰው ግን ጎማው ሲያልቅ ወይም መሽከርከሪያው ሲሰበር የሚጠግንለት ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የዊልቸር መመሪያ አገልግሎቱን በ8 ደረጃዎች ከፍሎ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከደረጃዎቹ መካከል የተጠቃሚውን ፍላጎት መመርመር፣ ወንበሩን ከሰውነቱ ጋር ማስማማት፣ ተጠቃሚውን ማሠልጠንና በመጨረሻም ክትትልና ጥገና ይገኙበታል።

መርካቶና የጥገና ጥያቄ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በዕቃ ዓይነት የተከፋፈሉ «ተራዎች» ያሉት የገበያ ሠፈር ነው። ቆራሌዎች ከየሠፈሩ የሚሰበስቡት ቆርቆሮ፣ ብረትና ፕላስቲክ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያም ባለሙያዎች በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት ቀጥቅጠው ምድጃና ሌሎች የቤት ዕቃዎች ይሠራሉ። ያረጀ የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ይሆናል።

ይህ ለነዳፊው ተማሪ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ከውጭ ብቻ የሚመጣ መለዋወጫ የሚፈልግ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በትራንስፖርት ወጪ ምክንያት በቀላሉ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል፤ በብስክሌት ጎማ፣ በተለመደ ብሎንና ኩሽኔታ የተሠራ ግን በየትኛውም ጋራዥ ሊጠገን ይችላል። ሁለተኛ፣ የእጅ ባለሙያው ራሱ የንድፍ ዕውቀት አለው። በሕንድ አገር የታወቀው የጃይፑር እግር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተወለደው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያው ራም ቻንደር ሻርማና የአጥንት ሐኪሙ ፒ. ኬ. ሴቲ አብረው በመሥራታቸው ነው። እግሩ ከጎማ የተሠራ በመሆኑ ተጠቃሚው በባዶ እግሩ እንዲሄድና ቁጢጥ ብሎ እንዲቀመጥ ያስችላል።

ቁሳቁሱ በአገር ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ግን ደኅንነትን አያረጋግጥም። ዊልቸር በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ (አይ.ኤስ.ኦ. 7176) መሠረት ለመረጋጋት፣ ለጥንካሬና ለፍሬን ይፈተሻል።

ከተጠቃሚዎች ጋር መፈተሽ

በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ አሞስ ዊንተርና ባልደረቦቹ ለሸካራ መንገድ የሚሆን፣ በእጅ ማንሻ የሚነዳ ዊልቸር ከብስክሌት ክፍሎች ሠርተው ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር ተጠቃሚዎች ውጭ በደንብ እንደሚሄድ፣ ቤት ውስጥ ግን በጣም ሰፊና ከባድ እንደሆነ ገለጹ፤ ንድፉም በዚሁ አስተያየት ተሻሻለ። የመርካቶን ጠባብ መተላለፊያና የሸክም ጋሪ ግርግር በየቀኑ የሚያልፍ ተጠቃሚም በላቦራቶሪ ወለል ላይ የማይታየውን ችግር ያውቃል።

ሶፍትዌርና የአማርኛ ቋንቋ

በኮምፒውተር ዘርፍ ያለው ሥራ ከቋንቋው ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መካተቱ ስክሪን አንባቢዎች አማርኛን እንዲያነቡ መንገድ ከፍቷል፤ ነፃው የንግግር ሶፍትዌር ኢስፒክ ኤን.ጂ. አማርኛን ይደግፋል። ይሁን እንጂ ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓል ወይም «እስካሁን»፣ «ዋና» መዋኘት ወይም «ዐቢይ» ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ንባብ ከዐውዱ መለየት አለበት። የአማርኛ ብሬልም ተነባቢና አናባቢን ለየብቻ ይጽፋል፤ ስለዚህ በፊደል ሦስት ምልክት ያለው «ሰላም» በብሬል አምስት ይሆናል።

ለገበያ ማቅረብ

በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ተጠቃሚውና ከፋዩ ይለያያሉ፤ ዕቃውን የሚገዛው ሆስፒታል፣ የመንግሥት ተቋም ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኞች ዋጋ ሲያወጡ የማስማማት፣ የማሠልጠንና የጥገና ወጪንም ይጨምራሉ።

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አንድ ፈጠራ በፓተንት ሊጠበቅ ይችላል። በነባር ዕቃ ላይ የተደረገ አነስተኛ ማሻሻያም በአነስተኛ ፈጠራነት ጥበቃ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ይህ መንገድ ለተማሪ ሥራዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። የሕክምና መሣሪያዎችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይቆጣጠራል።

የተማሪዎች ሥራ ከክፍል ወጥቶ ለተጠቃሚ መድረስ እንደሚችል ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የጃይፑር ጉልበት ነው። ንድፉ የተማሪዎች የክፍል ፕሮጀክት ሲሆን፣ የተሠራው የጃይፑር እግርን ከሚያድለው የሕንድ ድርጅት ጋር በመተባበር ነው። በኋላም ዲ-ሬቭ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ምርቱን አሻሽሎ አቅርቦ ነበር።