ከደብረ ብርሃን ብርሃን በፊት

አማርኛችን ለአፍንጫ ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ቆንጆ ስንገልጽ «ሰልካካ» እንላለን፤ ስንናደድ «አፍንጫህን ላስ!» እንላለን። የአንዱ ሕመም ለሌላው ሲተርፍ ደግሞ «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ይባላል። ዛሬ የማወራችሁም ስለ አፍንጫ ነው፤ ስለተቆረጠ፣ ስለተሰበረና ስለሚጠገን አፍንጫ። ታሪኩ የሚጀምረው ከሰሜን ሸዋ ነው።

ደብረ ብርሃን ስሟን እንዴት እንዳገኘች ሁላችንም እናውቃለን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሰማይ የታየ ብርሃን፤ አለቀ። ከብርሃኑ በፊት ስለሆነው ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» የሚባሉት መነኮሳት ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተፈረደባቸው። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ብርሃኑ የታየው ከ38 ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 10 ነው።

የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ሊገደል ለተፈረደበት ሰው አፍንጫውን መቁረጥ ለምን አስፈለገ? ምላሱስ ይሁን፣ እንዳይናገር ነው። አፍንጫው ግን ምንም አልተናገረም። መልሱ ፊት ላይ ያለ ይመስለኛል። አፍንጫ የሌለው ሰው በሕይወት ቢተርፍ እንኳ የሚያየው ሁሉ ቅጣቱን ያነብበታል። ይህ የእኛ ነገሥታት ብቻ ፈጠራም አልነበረም። የቢዛንታይኑ ዳግማዊ ዩስቲኒያኖስ እ.ኤ.አ. በ695 ከዙፋኑ ሲገለበጥ አፍንጫው ተቆርጧል፤ ፊቱ የጎደለ ሰው አይነግሥም ተብሎ ይታመን ነበርና። (ሰውየው ግን በ705 ተመልሶ ነግሧል!)

ሕንድም ውስጥ ይኸው ቅጣት ነበር። እዚያ ግን ከቅጣቱ ጎን የሚጠግን ሙያ አደገ። «ሱሽሩታ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ ከጉንጭ በሚወሰድ ሥጋ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1794 ደግሞ አንድ የለንደን መጽሔት ካዋስጂ ስለሚባል የበሬ ጋሪ ነጂ ጻፈ። አፍንጫውን የቲፑ ሱልጣን ሰዎች ቆርጠውበት ነበር። የግንባሩ ቆዳ በአፍንጫ ቅርጽ ተቀደደ፤ ደም እንዳይቋረጥበት በቅንድቦቹ መካከል ሳይበጠስ ቀረ፤ ከዚያ ወደታች ዞሮ ተሰፋ። የሠራለት ሰው ከጡብ ሠሪዎች ወገን ነበር። (ባለ እጅን መናቅ ለለመድን ለእኛ ይህች ብቻዋን ትበቃናለች።) ዘዴው ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሃሮልድ ጊሊስና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ሲድከፕ ውስጥ ከ5,000 በላይ ወታደሮችን ፊት ሲጠግኑ ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር። ዛሬም ይሠራበታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዛሬ አፍንጫ የሚቆርጥ ንጉሥ የለም። የሚሰብር ግን ሞልቷል፤ የበቅሎ ርግጫ፣ ዱላ፣ የመኪና አደጋ፣ ከገደል መውደቅ። ገናም አለላችሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ስለሚባል ሩሯ ወይም ዱላው ፊቱን ያገኘው ልጅ ደሙን ጠርጎ ዝም ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ደም ከቋጠረ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ መፍሰስ አለበት። አለዚያ ለስላሳው አጥንት ይሞትና አፍንጫው እንደ ኮርቻ መሐሉ ይሰረጉዳል። የተሰበረው ጠንካራ አጥንት ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ ለሕፃናት ጊዜው ከዚያም ያጥራል። ካለፈ ለወራት ጠብቆ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ለስላሳ አጥንት ተወስዶ በቀዶ ጥገና ይሠራል። ነገሩ የቁንጅና ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ በአፍንጫቸው መተንፈስ አቅቷቸው ነው የሚኖሩት።

አሁን ካርታውን አስቡት። ከግሼ ራቤል መሐል ሜዳ፣ ከዚያ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ። በፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ያለው እዚህ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ምንም አይደለችም። ደስ የሚለው ግን የቋጠረ ደም ማፍሰስ አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ። መርሐቤቴ ላይም የካርል ሃይንዝ በም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ያሠራው የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል አለ። ዋናው በጊዜ መድረስና ባለሙያው በመብራት ውስጡን ማየቱ ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ፣ ስልክ ተደውሎ «ልጁ ወድቆ አፍንጫው አብጧል» ስትባሉ «አይዞህ፣ ይሽራል» ብላችሁ አትዝጉት። «ዛሬውኑ ውሰዱት፣ ውስጡን ይዩለት» በሉ። የካቲት 2 ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ፊታቸውን ያጡት ሰዎች የሚጠግናቸው አልነበረም። ለዛሬው ልጅ ጠጋኙ አለ፤ የሚያጥረው ቀኑ ነው።