ከቃላድ ወደ ዲጂታል ካርታ፦ የጎጃም መሬት ልኬት

ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአብዛኛው ደቡብ ኢትዮጵያ መሬት በቃላድ፣ ማለትም ለመለኪያ በተዘጋጀ ገመድ፣ እየተለካ በጋሻ ሲደለደል፣ ርስቱን በትውልድ ቆጠራ የሚያረጋግጠው የጎጃም ባላገር ግን ልኬትን ግብር መጨመሪያና ርስት መንጠቂያ አድርጎ ይፈራው ነበር። ስጋቱ መሠረት ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ገጠር ሲላኩ፣ ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ በብዙ የጎጃም ቦታ ገበሬው መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ፤ መንግሥትም መንደሮችን በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ቢደርስም፣ በመጨረሻ አገረ ገዥውን ሽሮ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ።

በኋላ ግን ልኬት በሌላ መልክ መጣ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ፣ ይኸውም ገበሬው የሚያርሰውን መሬት በስሙ አስመዝግቦ ደብተር የሚቀበልበት አሠራር፣ በቅድሚያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ማርቆስን የሚከብበው ጎዛምን ወረዳ ነበር። በመጀመሪያው ምዝገባ ድንበር የሚታወቀው በዋናነት በጎረቤት ምስክርነትና በገመድ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ ግን ከሰማይ በተነሣ ምስል እየታገዘ ማሳዎችን ወደ ዲጂታል ካርታ አስገብቷል።

ይህ ዕውቀት በመሬት ጽሕፈት ቤት ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም። የአካባቢው የጂኦግራፊ መምህራን ኪውጂአይኤስን (QGIS) በመሰለ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ካርታና መረጃን አነባብሮ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ተማሪዎቻቸውን የጨሞጋ ወንዝን ተፋሰስና የጮቄ ተራራን ተዳፋት ያስለኩ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ኮምፒውተሩን ያቅርቡላቸው።