የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ መዋዠቅ በቤት ዕቃዎች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በሐሙሲትና በአካባቢዋ አምፖል ሲደበዝዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ሲል ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲቃጠል ነዋሪዎች “ኃይሉ ተዋዠቀ” ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ ቮልቴጅ፣ ሌላው ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ ነው። ሁለቱን መለየት ዕቃን ከብልሽት ለመጠበቅ ይረዳል።

ቮልቴጅ ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ኃይል ነው። በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው 220 ቮልት ነው። ድግግሞሽ ደግሞ ኮረንቲው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚመላለስበት ብዛት ሲኾን በኸርዝ ይለካል። የሀገሪቱ የኃይል መረብ የሚሠራው በ50 ኸርዝ ነው።

ድግግሞሽን የሚወስነው የተርባይኖች ፍጥነት ነው። በ2002 ዓ.ም የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ፣ በብሔራዊ መረቡ ከተያያዙት ሌሎች ማመንጫዎች ጋር እንደ ተጠመዱ በሬዎች በአንድ ርምጃ ይሄዳል። ጭነቱ ሲከብድ ሁሉም በአንድነት ይዘገያሉ፤ ድግግሞሹም ይወርዳል። ያን ጊዜ ተጨማሪ ውኃ ወደ ተርባይኖች ተለቅቆ ፍጥነቱ ይመለሳል። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲቋረጥ ግን ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። መላው መረብ እንዳይወድቅ ራስ ሠር መቆጣጠሪያዎች የአንዳንድ አካባቢዎችን ኃይል ያቋርጣሉ። ስለዚህ ከባድ የድግግሞሽ መውረድ ቤት ውስጥ በአብዛኛው የሚታወቀው በመብራት መጥፋት ነው።

ድግግሞሽ በመላው መረብ ተመሳሳይ ነው፤ ቮልቴጅ ግን ከመንደር መንደር ይለያያል። ትራንስፎርመር አጠገብ ያለ ቤት ደኅና እየበራ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ከደበዘዘ ችግሩ የቮልቴጅ ነው።

ምጣድ፣ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ ለድግግሞሽ ለውጥ ደንታ የላቸውም፤ የሚጎዳቸው የቮልቴጅ ማነስ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የስልክ ቻርጀርና ዘመናዊ ቴሌቪዥን ኮረንቲውን ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጡ መጠነኛ የድግግሞሽ ለውጥ አይነካቸውም። የፍሪጅና የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ግን ፍጥነታቸው ድግግሞሹን ይከተላል። የአንድ ኸርዝ መቀነስ ፍጥነታቸውን በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢቀንሰውም፣ ቮልቴጅ ሲያንስ ግን ብዙ ኮረንቲ ስለሚስቡ ግለው ይቃጠላሉ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ የወፍጮ ሞተርም አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ካልቆመ ተመሳሳይ አደጋ ይገጥመዋል።

ምልልስ እየቆጠሩ የሚሠሩ የግድግዳ ሰዓቶችም ድግግሞሽ ሲወርድ ይዘገያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በኮሶቮና በሰርቢያ አካባቢ በተፈጠረ የኃይል አለመመጣጠን ምክንያት በበርካታ የአውሮፓ ሀገራት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ወደ ስድስት ደቂቃ ዘግይተው ነበር። የሌሎች ዕቃዎች ተጠቃሚዎች ግን ለውጡን አላስተዋሉትም።

ድግግሞሽ ቤት ውስጥ በእርግጥ የሚያሰጋው በግል ጄኔሬተር ሲጠቀሙ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ጄኔሬተሮች 50 ኸርዝ የሚሰጡት በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ ሲዞሩ ነው። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ድምፁ ሲዝል ድግግሞሹም ቮልቴጁም አብረው ይወርዳሉ። በዚህ ጊዜ ፍሪጅንና የውኃ መሳቢያን ማላቀቅ ይገባል። ከአሜሪካ የሚመጡ ዕቃዎችም ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ሊኾኑ ስለሚችሉ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካታቸው በፊት የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ድግግሞሹን አይለውጥም።

መብራት ሲጠፋ ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች መንቀል፣ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ ተገቢ ነው። ስታብላይዘር የሚያስተካክለው ቮልቴጅን እንጂ ድግግሞሽን አይደለም፤ ሲገዛም አቅሙ ፍሪጁ ሲነሣ የሚስበውን ከፍተኛ ኮረንቲ የሚችል መኾን አለበት። ለመስኖና ለወፍጮ ሞተሮች ደግሞ ከመጠን ያለፈ ጭነትንና የፌዝ መጥፋትን የሚቆጣጠር መከላከያ በባለሙያ ማስገጠም ሞተሩን ከመቃጠል ያድናል።