የተጣለ ዕቃ ምስክርነት



በየቤታችን ጥግ አንድ የተጣለ አሮጌ ዕቃ አይጠፋም። ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ አንገቱ የተሰነጠቀ የእጣን ማጨሻ፣ ገጾቹ የተበጣጠሱ ኪታብ፣ ወይም ተጽፎ እየታጠበ፣ ታጥቦ እየተጻፈ የለሰለሰ የቁርኣን መማሪያ ለውሕ ሊሆን ይችላል። እንግዳ ሲመጣ እንደብቀዋለን፤ ቤት ሲጸዳ ደግሞ «ይህ ምን ያደርጋል?» ብለን እናወጣዋለን። እስቲ ዛሬ ከመጣላችን በፊት ቆም ብለን እንጠይቅ፦ ይህ ዕቃ በማን እጅ ነበር? በዚህ ለውሕ ላይ የመጀመሪያዋን «አሊፍ» እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ልጅ ማን ነበር? ከዚህ ጀበና ቡና የተቀዳላቸው ሰዎች በዚያ ዕለት ዱዓ ያደረጉት ለማን ነበር?

ይህ ጥያቄ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን አንድ ሙሉ የሙስሊሞች ከተማ ከመረሳት የተነሣው፣ ሰዎች የጣሉትንና የጣላቸውን ዕቃ እየለቀሙ ይህንኑ ጥያቄ በጠየቁ ሰዎች ጥረት ነውና።

ሐርላ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከድሬዳዋ ብዙ ሳይርቅ ሐርላ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸውን ሲያርሱና ሲቆፍሩ ለብዙ ዘመን ገል፣ ዶቃና የማያውቁት አገር ሳንቲም ያገኙ ነበር። የፈረሱት ቤቶች ድንጋዮች እጅግ ትላልቅ ስለነበሩም፣ «ይህን ተራ ሰው አያነሣውም፤ እዚህ የኖሩት ግዙፋን ናቸው» የሚል አፈ ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

በኋላ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል፣ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ስፍራውን አስቆፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም የተነገረው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። ከአፈሩ ሥር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። አሠራሩ በደቡብ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጥንታዊ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። የሙስሊሞች መቃብርና የመቃብር ድንጋዮች፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ የብርጭቆ ዶቃዎች፣ የከበሩ ድንጋዮች፣ ዛጎሎች፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ የሸክላ ስባሪዎች፣ እንዲሁም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የተመቱ ሳንቲሞች ተገኙ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በሉ! ከመስጊዱና ከመቃብሩ በቀር የተገኘው ሁሉ ማለት ይቻላል ባለቤቱ የጣለው ወይም የጠፋበት ነገር ነው። የተሰበረ ሳህን፣ ከክሩ የወለቀ ዶቃ፣ ከእጅ ያመለጠ ሳንቲም፣ ተበልቶ የተጣለ አጥንት። ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ እናንሣና የኋላ ሕይወታቸውን በሐሳብ እንከተል።

ዛጎሉ

ከሐርላ ዕቃዎች መካከል ከማልዲቭ ደሴቶች ጋር የተያያዙ አሉ። ማልዲቭ ደግሞ በዚያ ዘመን በዛጎሏ የታወቀች ነበረች። የእነዚያ ደሴቶች ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1153 እስልምናን እንደተቀበለ ይነገራል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በደሴቶቹ ቃዲ ሆኖ ያገለገለው ዝነኛው ተጓዥ ኢብን ባጡጣ፣ ሰዎች ዛጎሉን ከባሕር ለቅመው በባሕሩ ዳር በጉድጓድ እንደሚቀብሩት፣ ሥጋው በስብሶ ሲያልቅም ነጩ ቅርፊት ብቻ እንደሚቀር ጽፏል። ያው ኢብን ባጡጣ ቀደም ሲል ወደ ዘይላ ወደብ መጥቶ ነበር። ገበያዋ ትልቅ መሆኑን ቢመሰክርም፣ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው ሌሊቱን በመርከቡ ላይ ማደርን መርጧል።

እንግዲህ አንዲት ዛጎል በሐሳብ እንከተል። በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ለቀመቻት። በመርከብ ተጭና፣ ነፋስ እየጠበቀች፣ ከወደብ ወደብ ተሻገረች። በባሕሩ ዳር ከግመል ላይ ተጫነች፤ በረሓውን አቋርጣ፣ ተራራውን ወጥታ ሐርላ ደረሰች። ምናልባት አንዲት እናት ለልጇ ገዝታ አንገቷ ላይ አሠረችላት። ክሩ ተበጠሰ፤ ልጅቷ አለቀሰች፤ ዛጎሏም በአፈር ተቀበረች። የዚያች ልጅ ስም በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ይህ እኛ ያሰብነው ነው። ዕቃው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በምሥራቅ ኢትዮጵያ አፈር መገኘቱ ግን ሐሳብ አይደለም፤ እውነት ነው።

ሳንቲሙ

እ.ኤ.አ. በ1250 በግብፅ ሥልጣን ከአዩባውያን ወደ መምሉኮች አለፈ። በዚያ የሥልጣን ግርግር ዘመን እያንዳንዱ ገዢ ስሙን በሳንቲም ላይ ያስቀርጽ ነበር። ስሙ በገበያ ሁሉ እንዲዞር፣ ሥልጣኑም እንዲታወቅለት ነው። ሳንቲሙ ግን ለጌታው አልታመነም። ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ቀይ ባሕርን ወርዶ፣ ገዢው ምናልባት ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው አገር ከአንድ ሰው እጅ ወደቀ። የገዢውን ዙፋን ሌላ ወረሰው፤ ሳንቲሙን ደግሞ ገበሬ በመቆፈሪያው አወጣው። ለዱንያ ሥልጣን ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ ከወዴት ይገኛል?

አጥንቱ

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአጥንቱ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ከሐርላ፣ ከሐረርና በአካባቢው ከሚገኝ ሌላ ጥንታዊ ሰፈር ወደ 50,000 የሚጠጋ የእንስሳት አጥንት መርምረዋል። ከ8ኛውና ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በልቶ የጣለው ሕዝብ ትራፊ ነው። ከቀይ ባሕር የመጣ የዓሣ አጥንት ሳይቀር ተገኝቶበታል። ከርከሮና ጃርት የመሳሰሉ የዱር አራዊት አጥንትም አለበት። ሆኖም በቢላዋው ምልክትና በእንስሳቱ ዓይነት ሲታይ፣ በሸሪዓው ሥርዐት ማረድ ታላቁ መስጊድ ከመሠራቱ አስቀድሞ እንደነበረና እየተስፋፋ እንደሄደ ተመራማሪዎቹ ይገልጻሉ።

እስቲ ያንን አራጅ አስቡት! ቢላዋውን ስሎ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ፤ ቤተሰቡን አበላ፤ አጥንቱንም ጥሎ ሄደ። ለታሪክ ምስክር እሆናለሁ ብሎ በፍጹም አላሰበም። ጌታውን ፈርቶ በጓዳው የፈጸማት ተግባር ግን ከሺህ ዓመት በኋላ «በዚህ አገር ሙስሊም ይኖር ነበር» ብላ መሰከረች። ዜና መዋዕል የነገሥታትን ጦርነት ሲጽፍ የእርሱን ማዕድ አልጻፈም። አፈሩ ግን ጠበቀለት።

ግዙፋኑ የት ሄዱ?

መቃብሮቹ በተመረመሩ ጊዜ የሙታኑ አጥንት እንደማንኛችንም ሆኖ ተገኘ። ግዙፋን አልነበሩም። አንዳንድ ሰው በዚህ ቅር ሊሰኝ ይችላል። እኔ ግን ይህ ከግዙፋኑ ተረት የሚበልጥ ዜና ነው እላለሁ። ምክንያቱም ግዙፋን ትልቅ ድንጋይ ቢያነሡ ምን ይደንቃል? እንደኛ ያሉ ሰዎች ተባብረው ድንጋዩን አንሥተው መስጊድ ማቆማቸው፣ ከሕንድ የእጅ ጥበብ ጋር የሚመሳሰል ጌጥ መሥራታቸው፣ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር በሰላም መነገዳቸው ነው የሚደንቀው። ግዙፋን ናቸው ስንል የእነርሱ ሥራ ከእኛ አይጠበቅም ማለታችን ነው። እንደኛ ሰዎች እንደነበሩ ስናውቅ ግን ጥያቄው ወደኛ ይመለሳል፦ እነርሱ ይህን ከሠሩ እኛስ ምን ሠራን?

ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል። ማስተዋል ማለት ደግሞ ተረት ጨምሮ ማውራት ሳይሆን አይቶ፣ አገናዝቦ መማር ነው።

የኛ ኃላፊነት

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ዘንድ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የመጠጫ ዕቃ እንደነበረና በተሰነጠቀ ጊዜ ስንጥቁ በብር እንደተጠገነ በሐዲስ ተዘግቧል። ተሰነጠቀ ተብሎ አልተጣለም። እኛስ? አባቶቻችን በመብራት ጭላንጭል የገለበጧቸው ኪታቦች የአይጥ ምግብ ሲሆኑ፣ ወይም በጥቂት ብር ለአላፊ አግዳሚ ሲሸጡ እያየን ዝም እንላለን። ከዚያ በኋላ «ታሪካችን አልተጻፈም» ብለን እናማርራለን። የተጻፈውንስ መቼ ጠበቅነው?

ሐረር ከተማ ግን መልካም አርአያ አላት። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከሕዝቡ ዘንድ አሮጌ ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና የቤት ዕቃዎችን እያሰባሰቡ በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው አኖሩ። ስብስቡ ዛሬ ትልቅ ሙዚየም ሆኖ፣ የተጎዱ ጽሑፎች የሚጠገኑበት ስፍራ ለመሆንም በቅቷል። የአንድ ሰው ትጋት ይህን ካደረገ የብዙዎች ትጋት ምን ያደርግ ይሆን?

ስለዚህ አሮጌ ኪታብ በቤታችሁ ቢኖር ከእርጥበትና ከአይጥ አርቁት፤ የማን እንደነበርና ከየት እንደመጣ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉት። በማሳ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ብታገኙ ቦታውን ሳትነካኩ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። ዕቃው ከተቀበረበት ከወጣ በኋላ አብሮት የነበረው ከሰልና አፈር ዕድሜውን ሊነግርለት አይችልምና፤ ምስክሩ እንዳለ ቃሉ ይጠፋል።

በመጨረሻም ይህን እናስብ። እኛም ነገ ዕቃችንን ትተን እንሄዳለን። የኛን ስባሪ የሚያገኝ ሰው ስለኛ ምን ይገምት ይሆን? ሰው ግምቱን ሊሳሳት ይችላል። ምድር በአላህ ፈቃድ ዜናዋን በምትናገርበት ቀን ግን ግምት የለም። ያን ቀን የምትናገረው ስለ ዛጎልና ስለ ሳንቲም ሳይሆን በላይዋ ስለሠራነው ሥራ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) መልካም የምትመሰክርላቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።